አንድ አድራሻ

“ኮሌጁ ግቢ ውስጥ እኔና አንቺ አንተዋወቅም። ገባሽ?”

ናዒማ ይህን ያለችው እሑድ ማለዳ፣ የጅቡቲ የሥራ ሳምንት በሚከፈትበትና ትምህርት በሚጀመርበት ቀን፣ መስታወት ፊት ቆማ ሻሿን እያስተካከለች ነበር። ሀዊ የሻይ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

“ገባኝ።”

“እኔ በታክሲ ነው የምሄደው።”

“እኔ ደግሞ በሚኒባስ” አለች ሀዊ፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ገና የሚታጠብ ሳህን ነበራት።

ሀዊ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ስትመጣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሰርተፊኬቷን በፌስታል ጠቅልላ ነው የመጣችው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራችው አንድ ቤት ነው፤ ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር፣ ጨርቅ ነጋዴው ከሊፋ ቤት። ከሊፋም የድሬዳዋ ልጅ ነው። ቤቱንም መደብሩንም በአንድ አፍ የምታዘው ግን ሚስቱ ማይሙና ናት። ናዒማ የነሱ ልጅ ስትሆን ከሀዊ በአራት ዓመት ታንሳለች።

ናዒማ ክፍል በጨረሰች ቁጥር ማይሙና ያረጁትን በፈረንሳይኛ የተጻፉ የትምህርት መጻሕፍት “ውሰጂና ጣይልኝ” እያለች ለሀዊ ትሰጣት ነበር። ሀዊ አንዱንም አልጣለችም። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙቀቱ ተሸንፎ ሲተኛ፣ እሷ ወጥ ቤት ማራገቢያው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ታነባለች። የመጀመሪያው ዓመት መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሎቹን ብቻ ነበር የምትረዳው። በአራተኛው ዓመት ሥዕል የሌለበትንም መግፋት ጀመረች።

ባለፈው ዓመት አንድ የኢትዮጵያ የጭነት መኪና ሹፌር የጉምሩክ ወረቀት ይዞ መደብሩ ደጃፍ ላይ ሲቸገር አይታ አነበበችለት። አጠገቡ የነበረ ትራንዚተር ሰምቷት፣ “ፈረንሳይኛውንም አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የሚያውቅ ሰው ወደብ ላይ ሥራ አያጣም፤ የምስክር ወረቀቱ ብቻ ይኑርሽ” አላት። ያች ቃል ከራሷ አልወጣ አለች። ወሩ ሳያልቅ ማይሙና ፊት ቀርባ፣ “እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት ትራንዚት ልማር” አለች። ማይሙና ሦስት ቀን መልስ አልሰጠቻትም። በአራተኛው ቀን ኮሌጁ የሚጠይቀውን የዋስትና ወረቀት ፈረመችላት።

በዚያው ክረምት ናዒማ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን የባክ ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች። አባቷም፣ “ይበቃል! ትራንዚት ተማሪ፤ ለመደብሩም ይጠቅማል” ብሎ እዚያው ኮሌጅ አስመዘገባት። ጉዱ የመጣው እንዲህ ነው።

ኮሌጁ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ሀዊ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ኋላ ያለው ማራገቢያ ስለሚጮህ አይሰማም። ናዒማ ግድግዳው ጥግ ሄደች። መምህሩ ዓብዱልመጂድ፣ ተማሪው በፈረንሳዮቹ ደንብ “ሙሴ” ብሎ የሚያከብራቸው፣ ወደብ ላይ ጉምሩክ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ሳይሆን ግንባራቸው ላይ ነው የሚውለው። ፈረንሳይኛቸው ይፈጥናል። ሀዊ ግማሹን ያዘች፣ ግማሹ አመለጣት። ያመለጣትን ቃል ድምፁ እንዳይጠፋባት በአማርኛ ፊደል ደብተሯ ላይ ታሰፍረዋለች፤ ማታ ከመጻሕፍቱ ትፈልገዋለች።

አጠገቧ የተቀመጠው ረምዚ የሚባል ወጣት ደብተሯን አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ። “ይኼ ምንድን ነው? ጉንዳን ነው የተረጨበት?” አላት በሱማሊኛ።

“ጽሕፈት ነው” አለችው በዚያው ቋንቋ፤ እጇም አላረፈ።

ሰኞ ዕለት ሙሴ ዓብዱልመጂድ የመመዝገቢያውን መዝገብ ይዘው ገቡ። ተማሪው ሁለት ሁለት እየሆነ አንድ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ ማሳወቂያ ቅጽ፣ እንዲሞላ ፈለጉ። “ሥራው ቤት ድረስ ይከተላችኋል፤ ስለዚህ ሰፈራችሁ የሚቀራረበውን ነው የማጣምረው” አሉና ስም መጥራት ጀመሩ። ስድስት ጥንድ ካለፈ በኋላ ቆሙ። መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

“ናዒማ ከሊፋ። ሀዊ… ሁለታችሁም ካርቲየ አንድ። ቤቱም አንድ ነው። ስልኩም አንድ። እህትማማች ናችሁ?”

ክፍሉ ዞሮ አያቸው። የናዒማ ፊት ቀላ።

“ስህተት ይሆናል” አለች ናዒማ። “እኔ አላውቃትም።”

“ስህተት ከሆነ ከሁለት አንዳችሁ የሐሰት አድራሻ ሰጥታለች ማለት ነው። የሐሰት አድራሻ የሰጠ ሰው እኔ ጋ አይማርም። የኮሌጁ ጸሐፊ ዛሬውኑ አጣርታ ስሟን ትሰርዛለች።”

ሀዊ ናዒማን አየቻት። ናዒማ ጠረጴዛዋን እንጂ ሌላ ነገር አታይም። ሀዊ ቃል ሰጥታለች፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ማን እንደሚሰረዝ ለማወቅ ጸሐፊዋን መጠየቅ አያስፈልግም። ተነሥታ ቆመች።

“ስህተት የለም፣ ሙሴ። እነሱ ቤት ነው የምሠራው፤ እዚያው ነው የማድረው። ዋስ የሆኑኝም እናቷ ናቸው።” ፈረንሳይኛው ሁለት ቦታ ተሰበረባት፤ ሰው ግን ገብቶታል። ከኋላ አንድ ሰው ፉጨት ቢጤ አሰማ።

“መልካም” አሉ ሙሴ ዓብዱልመጂድ መነጽራቸውን መልሰው እየሰቀሉ። “እንግዲያው እናንተ ለቤት ሥራ መንገድ አትሄዱም።” ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ያን ቀን ናዒማ ምሳ አልበላችም። ክፍሏን ዘግታ ዋለች። አመሻሹ ላይ ማይሙና ወጥ ቤት ድረስ መጣች።

“ነገ የከሊፋ እህት ከነልጆቿ ምሳ ትመጣለች። አሥራ ሁለት ሰው ነው። ነገን ቅሪ።”

ሀዊ ሽንኩርቱን መክተፍ አቆመች። ሰኞ ማታ የሚነገር የማክሰኞ ምሳ በዚህ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ነገሩ ከየት እንደመጣ ለመገመት ጠንቋይ አያሻም።

“እትዬ፣ ነገ እኮ ትምህርት ከተጀመረ ገና ሦስተኛ ቀን ነው።”

“ምን አለበት? ኮሌጁ ይሸሻል እንዴ?”

“ኮሌጁስ አይሸሽም። ወደ ኋላ የምቀረው እኔ ነኝ።” ቢላውን አስቀመጠች። “ሩዙም ሥጋውም ሳምቡሳውም ከመውጣቴ በፊት ይደርሳል። ትምህርቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ እንግዶችዎ ከሰባት በፊት አይመጡም። አንድ ነገር ጎድሎ ቢያገኙ ከረቡዕ ጀምሮ አልሄድም።”

ማይሙና ከላይ እስከ ታች አየቻት። “ትልቅ ቃል ነው የተናገርሽው።”

“አውቃለሁ።”

ሀዊ በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሂ አዛን በፊት ተነሣች። ሥጋውን ጣደች፣ ሊጡን ዳመጠች፣ ሩዙን ለቅማ አጠበች፤ ፀሐይ ስትወጣ ቀሚሷ ከጀርባዋ ተጣብቆ ነበር። የመጨረሻውን ድስት ከድና ልብሷን ቀይራ ስትሮጥ ሚኒባሱ ደግሞ ካልሞላሁ ንቅንቅ አልልም አለ። ቡላኦስ ስትደርስ አሥር ደቂቃ አልፏል። በሩ ተዘግቷል።

“ወንድሜ፣ አሥር ደቂቃ ናት” አለችው ዘበኛውን በሱማሊኛ።

“አሥር ደቂቃም፣ አሥር ሰዓትም በር ላይ አንድ ነው። እረፍት ላይ ይከፈታል። ነገ ቀድመሽ ነይ።”

ወደ ቤት መመለስ ይቻል ነበር። እሷ ግን አጥሩ የጣለው ጥላ እንደ መቀነት ቀጭን ስለነበር ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆመች፤ ደብተሯን አውጥታም የሁለቱን ቀን ማስታወሻ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበነበች። ጥላው እየሸሸ ሄዶ እግሯን ፀሐይ ሲይዛት ደብተሩን ሁለት ጊዜ ጨርሳው ነበር። ዘበኛው አንድ ጊዜ ውሃ ሰጣት፤ በሩን ግን አልከፈተላትም።

እረፍት ላይ ገብታ ቀጥታ ናዒማ አጠገብ ተቀመጠች።

“ቅጹን አምጪው።”

ናዒማ ቅጹን ገፋችላት። ስማቸው ብቻ ነው የተጻፈበት። ለጥቂት ጊዜ ሥራ ብቻ ሠሩ። ናዒማ ፈረንሳይኛውን እንደ ውሃ ታነበዋለች፤ የትኛው ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚገባ ግን አታውቅም፤ ሙሴ ሲያስረዱ አላዳመጠችም። ሀዊ አዳምጣለች፤ ደብተሯ ላይ አለ። አንዷ ስታነብ አንዷ ስትጽፍ ግማሽ ገጽ ሄዱ።

“አክስቴን የጠራኋት እኔ ነኝ” አለች ናዒማ ድንገት፣ በሹክሹክታ።

“አውቃለሁ።”

“ለእማ ለምን አልነገርሻትም?”

“ብነግራቸው አንቺን ይቆጡሻል፣ እኔም እቀራለሁ። ምን አተረፍኩ?” ሀዊ ቀና ብላ አየቻት። “ግን አልረሳሁትም። ቃሌን ያፈረስኩትም አንቺን ለማዋረድ አይደለም። ሊሰርዙኝ ነበር።”

ናዒማ እስክሪብቶዋን ስታሽከረክር ቆየች። “በሠራተኛነትሽ ያፈርኩ መስሎሻል?”

“ታዲያ በምን?”

“እነዚያን መጻሕፍት… እኔ ግማሻቸውን እንኳ አልጨረስኩም። አንቺ ወጥ ቤት ተቀምጠሽ ጨረስሻቸው። ሁለቴ ወድቄ የመጣሁበት ክፍል አንቺ ሳትወድቂ መጣሽ። ሰው ይህን እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም።”

ሀዊ ልታዝንላት ዳዳት፤ ጀርባዋ ላይ ያለው የግድግዳው ሙቀት ግን ገና አልበረደም። “ሣጥን አሥራ አራት” አለች። “ላኪው ማን ነው? አንብቢልኝ።”

ናዒማ አነበበች።

ሀዊ ስድስት ከሃምሳ ላይ ቤት ገባች። ማይሙና የእያንዳንዱን ድስት ክዳን አነሣች፣ ሩዙን በማንኪያ ቀመሰች፣ ሳምቡሳውን ቆጠረች። እንግዶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ እስከ አሥር ሰዓት አወሩ። የመጨረሻዋ እንግዳ ስትወጣ ማይሙና ወደ ሀዊ ዞረች።

“ነገ ስንት ሰዓት ነው መውጣት ያለብሽ?”

“አሥራ ሁለት ተኩል፣ እትዬ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጊዜ ይፈጃል።”

“እንግዲያው ቁርሱን ናዒማ ትሠራለች።”

ናዒማ እናቷን አየች፣ ሀዊን አየች፤ ከዚያ ዱቄቱ የት እንዳለ ልታይ ወጥ ቤት ገባች።

ረቡዕ ጠዋት ከሊፋ ዳር ዳሩ ያረረ ፈጢራ በላ ይባላል። ሀዊ አላየችም፤ እሷ በሩ ከመዘጋቱ ሃያ ደቂቃ አስቀድማ ዘበኛውን ሰላም ብላ ገብታለች። ናዒማ በታክሲ መጣች፤ የተቀመጠችው ግን ግድግዳው ጥግ ሳይሆን መጀመሪያው ረድፍ፣ ሀዊ አጠገብ ነው። ረምዚ ወደሷ ጎንበስ ብሎ፣ “እውነት ይቺ የናንተ ሠራተኛ ናት?” ሲላት፣ “ከኔ ጋር ነው የምትሠራው። አንተ የራስህን ቅጽ ሞልተህ ጨርሰሃል?” አለችው። አልጨረሰም ነበር።

ሙሴ ዓብዱልመጂድ ማክሰኞ ጨርሰው ላስረከቡት ጥንዶች የታረመውን ቅጽ አደሉ። የነሀዊ በቀይ ተዥጎርጉሯል። አሥራ አንድ ስህተት።

“ይህ ኮንቴይነር” አሉ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው፣ “ወደብ ላይ ቆሞ ይበሰብሳል።”

ክፍሉ ሳቀ። ናዒማ ወረቀቱን ልታጥፈው እጇን ስትሰድ ሀዊ ቀድማ ወሰደችው። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አየች። ሰባቱ ማክሰኞ ጠዋት፣ እሷ በር ላይ ቆማ ሳለች የተብራሩ ናቸው። አራቱ ግን የራሷ ጥፋት ናቸው፤ እነሱን ከሌሎቹ ይልቅ አጥብቃ አየቻቸው።

ተነሥታ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ሄደች።

“ሙሴ፣ ባዶ ቅጽ ይስጡኝ። ሁለት።”

“ለአንድ ቡድን አንድ ነው የሚሰጠው።”

“እኛ ሁለት ነን። ሁለታችንም ለየብቻ ከመጀመሪያው ሞልተን ነው የምናመጣው፤ ነገ ጠዋት።”

ሙሴ ዓብዱልመጂድ መነጽራቸውን አውርደው ትንሽ አዩዋት። ከመሳቢያቸው ሁለት ቅጽ መዝዘው ሰጧት። ሀዊ ተመልሳ አንዱን ናዒማ ፊት አኖረችው።

“እኔም?” አለች ናዒማ።

“አንቺም” አለች ሀዊ፤ እስክሪብቶዋንም አንሥታ የመጀመሪያው ሣጥን ውስጥ መጻፍ ጀመረች።