በተዝካር ድንኳን የተመረጠው አጣሪ

ለመሆኑ እናንተ የሌለን ሰው ዝምታ እንደ ስምምነት ትቆጥራላችሁ? ይጁቤ ላይ ቆጥረዋል፤ ያውም ጓዳ ስትንጨረጨር የዋለችን ሴት ዝምታ።

አቶ እንዳለ በኑዛዜያቸው ሀብታቸውን ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለአርሴማና ለወንድሟ ለገዳሙ፣ እኩል አካፍለዋል። ውርሱን የሚያጣራ ሰው ግን አልሰየሙም። አርሴማ ደብረ ማርቆስ ጠበቃ ጠይቃ ነበር። "ስም ካልተጠራ ሁለታችሁም አጣሪ ናችሁ፤ አንድ ሰው ይሁን ካላችሁም ተስማምታችሁ ፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ" አላት። ገዳሙ አጣሪነቱን ብቻውን ከያዘው፣ አባቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችበትን፣ ዛሬም የምትኖርበትን የደብረ ማርቆሱን ቤት ይሸጠዋል። አባታቸው ሳይቀበሩ ደላላ ሲያስገባ በዓይኗ አይታለች።

ስለዚህ በአባቷ የትውልድ ቦታ በይጁቤ በተደገሰው የአርባ ተዝካር ጠዋት የአባቷን ታናሽ ወንድም ጋሽ ሙላትን ለመነች።

"ጋሼ፣ የአጣሪው ነገር ሲነሳ ያስጠሩኝ። እኔ ወጥ ላይ ነኝ።"

"አንቺን ሳልጠራ? ምን ቆርጦኝ!"

አምና ገባች። ወንድ ልጅ ከካህናቱ ጎን ተቀምጦ ያዝናል፤ ሴት ልጅ አገር ታበላለች። የአባቷ ሐዘን እሷን የማይመለከት ይመስል!

ከቀትር በኋላ ጠላ ስትቀዳ የዋለችው ጎረቤቷ ሸጊቱ ከድንኳኑ እየሳቀች መጣች።

"እልል በይ እንጂ፣ ወንድምሽ አጣሪ ሆኖ ተሾመ!"

የአርሴማ ፊት ሲለወጥ ሳቋ ጠፋ።

"አላወቅሽም እንዴ? ጋሽ ሙላት 'እሷንም ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች' አሉ'ኮ። የሚቃወም አለ ቢሉ ሁሉም ዝም። ሰኞ ፍርድ ቤት ሄደው ሊመሰክሩለት ነው።"

ከገዳሙስ ጠብቃው ነበር። ጋሽ ሙላት ግን በሕፃንነቷ በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጓት ሰው ናቸው። ሽርጧን ፈትታ ወረወረችና ድንኳኑ መሐል ገብታ ቆመች።

"ምነው እታለም፣ ወጡ አረረ እንዴ?" አለ ገዳሙ። ጥቂቶች ሳቁ።

ዞራም አላየችው።

"ጋሽ ሙላት፣ ይነሱ! መቼ ነው የጠየቁኝ? የት ቆሜ፣ ምን ብዬ ነው እሺ ያልኩዎ? ኋላ ጥግ ይዘው አያባብሉኝ፤ ነገም ሽማግሌ አይላኩብኝ። ያልወጣኝን ቃል በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሰጥተውልኛል፤ አሁን በዚሁ ሰው ፊት ይመልሱልኝ!"