ከጣሪያ የወረደው ግጥም

በ1816 ፀሐይ አልወጣችም። ስንዴው ሳይበስል በሰበሰ። በቆሎው ፍሬ ሳይዝ ቀረ። ወይኑን በረዶ መታው። በክረምቱ ሰው ሣር ቀቅሎ በላ፤ ክረምቱ ሲወጣ ተስቦ ገባ። በእኛ ጎዳና ከነበሩት አሥራ አንድ ቤቶች አራቱ ተዘጉ። ሚስቴን በመጋቢት ቀበርኩ። ልጄ ሩፊና ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በእግሯ መቆም አቅቷት ነበር።

የከተማችን ባላባት የኮንቴ ጋስፓሮ ሞንታልቲ ጎተራ ሙሉ ነበር። የእህል ዋጋ እስኪንር ይጠብቅ ነበር። አዲሷ ሚስቱ ኮንቴሳ ኦርሶላ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቁልፉን ከባሏ ካፖርት ኪስ አውጥታ ጎተራውን ለሰው ከፈተች። ለእኔም አንድ ጆንያ የበቆሎ ዱቄት ደረሰኝ። ልጄ ዳነች።

"ጆንያውን ስትችል ትመልሳለህ" አለችኝ።

በዓመቱ ዱቄት ሞልቼ ወሰድኩላት። አልተቀበለችም።

"ይቆይ ሳንቴ። የምፈልገው ቀን ይመጣል።"

የሞንታልቲ ቤት ቀይ ምልክት ያለበት ያ ጆንያ ሰባት ዓመት በሥራ ቦታዬ፣ ከክፍሌ በር ኋላ ተሰቅሎ ቆየ።

ሥራዬ በከተማችን በፋኤንዛ ቴአትር ቤት ሰገነት መክፈት ነበር። እያንዳንዱ ትልቅ ቤተሰብ ትርዒት የሚያይበት የራሱ ሰገነት አለው፤ ቁልፎቹ በእኔ ወገብ ላይ ናቸው። በር ከፋች ብዙ ያያል፣ ጥቂት ይናገራል።

በአገራችን ያገባች እመቤት አጃቢ ይኖራታል። የሚመርጥላት ባሏ ነው። ማራገቢያዋን ይይዛል፣ ሻሏን ያለብሳል፣ ሐሜቷን ያዳምጣል። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ሁለተኛ ሲጨመር ነው። የኦርሶላ አጃቢ ማርኬዝ ኡባልዶ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ፤ መጋረጃው ሳይከፈት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሁለተኛው ባለቅኔው ሉዶቪኮ ቫርዛሪ ነበር።

ቫርዛሪ ሲሄድ ስድስት ሰባት ጎረምሳ እንደ እሱ ፀጉሩን አንጨባሮ ይከተለዋል። እሱ ሲያለቅስ ያለቅሳሉ፤ እሱ ሲጠጣ ሒሳቡን ይከፍላሉ። የሐኪሙን ሚስት፣ የዳኛውን እኅት፣ ሁለት መበለቶችና ዘፋኟን ቤቲና ፌሮኒን በየተራ አፍቅሯል። ለሁሉም ግጥም ጽፏል። ለኦርሶላ የጻፈውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ደረጃው ሥር ቆሜ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ያነበበውን አይረሳም።

በሰባተኛው ዓመት፣ ዘፋኟ ፌሮኒ የምትወደስበት የክብር ቀን በዋለበት ጠዋት፣ ኮንቴ ጋስፓሮ ብቻውን ወደ ቴአትር ቤቱ መጣ። ወለል እጠርግ ነበር። ወረቀት አፍንጫዬ ሥር ዘረጋ።

"ከሚስቴ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። የቫርዛሪ እጅ ጽሑፍ ነው። ወደ ሰገነቴ ያስገባኸው አንተ ነህ?"

ወረቀቱን በእጥፋቱ አወቅሁት።

"እኔ ምን አነባለሁ፣ ጌታዬ።"

"ላንብብልህ!" አለና ከመሐሉ አነበበ፦

"ሀገር ፀሐይ አጥቶ በብርድ ሲጨነቅ፣
ማርያም በሳመችው ትከሻሽ ላይ ልሙቅ።"

"ሚስቴ ትከሻዋ ላይ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ነጥብ አላት። ይህን ከእኔ ሌላ ማን ማወቅ ነበረበት? እሑድ ለሴት መነኮሳቱ አስረክባታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ የገዳም ሻማ ስትሠራ ትኑር። አንተም ቁልፎችህን ታስረክባለህ።"

በክብር ቀን የዘፋኟ ውዳሴ በባለቀለም ወረቀት ታትሞ ከጣሪያ ይበተናል። ማሳተሚያውን የሚያዋጡት የሰገነት እመቤቶች ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ባለቅኔውና ዘፋኟ ተጣልተው ስለነበር ምንም አልተጻፈም። ይህን ኮንቴው አያውቅም። አፌ ከእኔ ቀደመ።

"ጌታዬ፣ ምናልባት ይህ የዛሬ ማታው ይሆናል። ላዋጡ እመቤቶች ቀድሞ ይሰጣቸዋል። ነጥብ ደግሞ ፌሮኒም ትከሻዋ ላይ አላት ይባላል።"

ኮንቴው አፈጠጠብኝ።

"ይባላል?"

"ይባላል።"

"እንግዲያው ዛሬ ማታ እናያለን። ይህ ግጥም ከጣሪያ ከወረደ፣ ያቺም ሴትዮ ነጥብ ካላት፣ ሰው እያየኝ ሚስቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ግን ከቁልፉ ጋር ጥርስህንም ታስረክባለህ።"

መጥረጊያውን ጥዬ ሮጥኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም።

ቫርዛሪ ቡና ቤት ከጎረምሶቹ መሐል ተቀምጧል። ወደ ጥግ ጎትቼ ነገሩን ነገርኩት። ብድግ አለ።

"ለሰይፍ እጠራዋለሁ!"

"እርስዎ ቢሞቱም እሱ ቢሞትም እመቤቴ ገዳም ትገባለች። እኔ የምፈልገው ግጥሙን ነው።"

"የትኛውን?"

መቀለዱ መሰለኝ። አልቀለደም። አሥራ አራቱንም ስንኝ በቃሌ አልኩለት። ጎረምሶቹም ጆሯቸውን ጣሉ። እሱ አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

"ይህን የጻፈው ማነው? ግሩም ነው!"

"እርስዎ ነዎት።"

"እኔ?" አለና ቀላ። "እንዴ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። ግን ለፌሮኒ? በፍጹም! ግጥሞችህ የሕመምተኛ ሾርባ ናቸው ያለችኝ ሴት!"

"ሾርባውን ጠጡት፣ ጌታዬ። ሰዓት የለንም።"

አንደኛው ጎረምሳ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ቫርዛሪ ተበሳጭቶ "ስሜ ከሥር በትልቁ ይጻፍ" አለ። ፈቀደ ማለት ነው።

አታሚው ሜልኪዮሬ ምሳ ላይ ነበር። ማንኪያውን ከእጁ ነጠቅኩት። እኔ እላለሁ፣ እሱ የማተሚያ ፊደል ይለቅማል። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ አረምኩት።

"እንዲህ የተማርክ መሆንህን አላውቅም ነበር" አለኝ።

"አልተማርኩም። ቶሎ በል።"

ወረቀቶቹ ሲደርቁ ወደ ዘፋኟ ቤት ሄድኩ። ፌሮኒ እግሯን በሙቅ ውኃ ነክራ ተቀምጣለች። ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ከእሷ መደበቅ አይቻልም። አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ስለ ጥርስ ሕመሙ ነው የጻፈልኝ" አለች። "ለዚያች ሕፃን ግን ይህን?"

"አዎ፣ እመቤቴ።"

"አሁን የእኔ ይሆናል በለኛ? መጽሐፍ ሲያወጣም በእኔ ስም?"

"መቶ ቅጂ ታትሟል። ከእንግዲህ ማን ይቀይረዋል?"

ከት ብላ ሳቀች። ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

"ሳንቴዬ፣ ያንን ሻማ አምጣልኝ፣ ነጥብ የምሠራበት ቡሽም አቃጥልልኝ። ማርያም ዛሬ ትስመኛለች። የትኛው ትከሻ ነው?"

"ግጥሙ አይልም።"

"እንግዲያው ከሞንታልቲ ሰገነት የሚታየው ይሁን።"

ማታ ቴአትር ቤቱ ሞላ። ወረቀቶቹን የምይዝበት ቅርጫት ፈለግሁ፤ ሁሉም አበባ ተሞልቷል። ዞር ስል ከክፍሌ በር ኋላ የተሰቀለውን ጆንያ አየሁ። ወረቀቱን በእሱ ሞልቼ ወደ ጣሪያው ወጣሁ።

ከላይ ሁሉም ይታየኛል። ኮንቴው ሰገነቱ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ እጁን ደረት ኪሱ ላይ አድርጓል። ኦርሶላ ነጥታ ሻማ ትመስላለች። ማርኬዝ ኡባልዶ ተኝተዋል። ፌሮኒ ገና ስትወጣ ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ቀሚሷ ከአንድ ትከሻዋ ወርዷል። ትልቁን ዘፈኗን ጨርሳ ሳትጎነብስ ጆንያውን ገለበጥኩት።

ቢጫ፣ ሰማያዊና ሮዝ ወረቀት እየተሽከረከረ ወረደ። ሰው እጁን ዘረጋ፣ ወንበር ላይ ቆመ። የሐኪሙ ሚስት አነበበችና ለዳኛው እኅት አሳየቻት፤ ሁለቱም አንገታቸውን አዙረው ቫርዛሪን ፈለጉት። ጎረምሶቹ ስንኞቹን ጮክ ብለው ያነባሉ። አንድ ሮዝ ወረቀት ሞንታልቲዎች ሰገነት ጫፍ ላይ አረፈ።

ኮንቴው አነሳው። ከኪሱ ሌላውን አውጥቶ ጎን ለጎን ያዛቸው። ጣቱ በየስንኙ ወረደ። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን አንስቶ ወደ መድረኩ አየ። ፌሮኒ ቀስ ብላ ዞረች፤ በእጇ ትከሻዋን ነካችና ጣቶቿን ስማ ስሞሹን ወረወረችለት። ነጥቧ ምስር ታህላለች።

ኮንቴው መነጽሩን አወረደ። ተነሣ። ሰው ሁሉ እያየው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ የሚስቱን እጅ ሳመ። አዳራሹ ለማን እንደሚያጨበጭብ ሳያውቅ አጨበጨበ። ማርኬዝ ኡባልዶ ደንግጠው ነቁና እሳቸውም አጨበጨቡ።

በእረፍቱ ሰዓት ኦርሶላ ከሰገነቷ ብቻዋን ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወረቀቱ እጇ ውስጥ ተጨማትሯል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ይታገላል።

"ከፌሮኒ ነጥብ ጥላሸት ወርዷል፣ አይተሃል?" አለች።

"ላብ ይሆናል፣ እመቤቴ።"

"ግጥሙን ቫርዛሪ ነው ያስታወሰው?"

ልዋሽላት አሰብኩ። ለዚያ ቀን የዋሸሁት በቂ ነበር።

"አይደለም።"

"ማነው ታዲያ?"

"እኔ ነኝ።"

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን ዘርግታ አንዴ አየችው፣ አጠፈችውና ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም ባዶውን ጆንያ አራግፌ፣ ቀይ ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን በአራት አጥፌ፣ በሁለት እጄ አቀረብኩላት።

"ጆንያዎን፣ እመቤቴ።"

ተቀበለችኝ።