ነጭ አይሁን

አጎትየው ቀለም ቀቢውን ከበር ተቀብሎ ለቅሶ በተቀመጠው ሰው መሃል ሲያሳልፈው፣ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ባልዲውንና መሰላሉን በዓይናቸው ሸኙ። ሐዘን ቤት መሰላል ይዞ የሚመጣ ሰው አይተው አያውቁም። ሰውዬውም ሳይጨንቀው አልቀረም፤ ኮፍያውን አውልቆ «እግዜር ያጽናችሁ» አለና፣ የሰው እግር እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ ወደ ኩሽናው አለፈ።

ልብስ ሰፊዋ ከሶፋው ጥግ ኩርምት ብላ ታየዋለች። እህቷን ከቀበረች ወዲህ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እንባዋም ደርቋል። የሟች እህት እንዲህ ደረቅ ዓይን ይዛ መቀመጧን ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ልብ ብሎታል።

«ልጄ፣ ኩሽናውን ቀለም እናስነካው» አለ አጎትየው አጠገቧ ጎንበስ ብሎ። «ነገ የሩቁ ዘመድ ይገባል። እንዲህ ከስሎ ካዩት ሐዘኑ እንደ አዲስ ይነሳል። ነጭ ይሁን ብያለሁ፤ ነጭ ለሁሉ ይስማማል።»

አክስትየዋ ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ክሬም ይሻላል አለች። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ጥላሸት የነካው ግድግዳ ነጭ ቢቀባ ጥላሸቱ ውሎ አድሮ ውስጥ ውስጡን ሰርስሮ ስለሚወጣ የሚያዋጣው ግራጫ ነው ብላ የወንድሟን ቤት ምስክር ጠራች። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ሲጥል ክርክሩ እየሞቀ ሄደና፣ ለጥቂት ጊዜ ማን እንደሞተ የተረሳ መሰለ።

የሞተችው ሚጣ ነበረች። ሠላሳን ካለፈች በኋላም ሰው ሁሉ ሚጣ እንዳላት ነው። የሚጥል በሽታ ነበረባት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ወላጆቻቸው ሲያልፉ «አደራ» ብለው የተዉት እሷን ነው። ልብስ ሰፊዋም አደራዋን አልበላችም፤ ትዳሩን ትታ፣ የስፌት መኪናዋን ሳሎን ውስጥ ተክላ፣ አንድ ጆሮዋን ወደ ኩሽና እንደቀሰረች ኖረች።

ሚጣ ግን በሽተኛ መባል የምትወድ ሰው አልነበረችም። በሽታዋን «እንግዳዬ» ትለው ነበር። ከወደቀችበት ስትነሳ፣ የነከሰችው ምላስ ገና እየደማ፣ «ሳያስነግር ይመጣል፤ ምን ዓይነት ባለጌ እንግዳ ነው» ትላለች። እሳት አጠገብ አትቁሚ ስትባል ደግሞ መልሷ ዝግጁ ነው፦ «እታለም፣ አንቺ ካበሰልሽ በረሃብ፣ እኔ ከሰፋሁ በብርድ ማለቃችን ነው። ሁላችንም በያለንበት እንሁን።» ታላቅየዋ ትስቃለች። ከሳቀች ደግሞ ተሸነፈች ማለት ነው።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። ድምፃቸውን የቀነሱ መስሏቸዋል።

«እያወቀች ብቻዋን ጥላት ወጣች። ያውም ዘይት ተጥዶ።»

«ምን የሚያስቸኩል ነገር ገጥሟት ነው?»

«እንጃ። ሰው እኮ ሸክም ይሰለቸዋል።»

ልብስ ሰፊዋ ሰማቻቸው። የቀዘቀዘ ሻይዋን አንስታ፣ ሳትቀምሰው መልሳ አስቀመጠችው።

ኩሽናውን እናስቀባ የሚለው ሐሳብ የሚጣ ነበር። የቀለሙ ነገር ግን ወራት አጨቃጭቋቸዋል። ታላቅየዋ ነጭ አለች፤ ለዓይንም ለኪስም ይቀላል። ሚጣ ከቀለም መሸጫው የናሙና ካርድ አምጥታ፣ የበሰለ ፓፓያ የሚመስለው ላይ ጣቷን አሳርፋ አላነሳም አለች። «ሰው ጭማቂ ቤት ከፈታችሁ ወይ ይለናል» ብትላት፣ «እሰይ፣ ደንበኛ ነዋ!» አለቻት።

በሞተችበት ቀን ጠዋት ግን ሚጣ አልቀለደችም። ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እታለም፣ በወደቅሁ ቁጥር ስነቃ መጀመሪያ የማየው ነጭ ነው። የሆስፒታል ግድግዳ፣ የሆስፒታል አንሶላ። የት እንዳለሁ እስኪገባኝ ድረስ ያለው ፍርሃት ከመውደቁ ይብሳል። እዚህ ስወድቅም ግድግዳው ነጭ ከሆነ ያው ነው። ዓይኔን ስገልጥ ቤቴ መሆኔን የሚነግረኝ ቀለም ነው የፈለግሁት።»

ልብስ ሰፊዋ ስንት ዘመን ከወለል ስታነሳት፣ ስትነቃ ምን እንደሚታያት ጠይቃት አታውቅም ነበር። መቀሷን አስቀምጣ፣ ምድጃው ላይ ዘይት እንደተጣደ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ቀለም መሸጫው ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። ባለሱቁ እስኪያቀላቅል ቆማ ጠበቀች፤ እንዲያውም ትንሽ ደመቅ ይበል ብላ አስጨመረችበት። የቀለሙን ቆርቆሮ ይዛ ወደ ሰፈሯ ስትታጠፍ ጭሱን አየች።

ሐኪሙ የገደላት ጭሱ እንጂ እሳቱ አይደለም፣ ከወደቀች በኋላ ጨርሶ አልነቃችም አላቸው። ሊያጽናናቸው ብሎ ነው።

ቀለም ቀቢው ከኩሽናው ብቅ አለ። «እሺ፣ ነጩን ልበጥብጠው?»

«ነጭ አይሁን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አጎትየው በለሰለሰ ድምፅ፣ ይህ ቀለም የሚመረጥበት ጊዜ እንዳልሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ተነስታ ከስፌት መኪናዋ ሥር የተከመረውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ገለጠችና ቆርቆሮውን አወጣች።

«ይህን ልገዛ ነው የወጣሁት» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ሚጣ የመረጠችው ነው። ነጭ ትፈራ ነበር።»

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ አቀረቀረች። ሌላይቱ ግን ቆርቆሮውን ትኩር ብላ አየችው፤ ለቀለም ብላ ነው እንዴ የሚል ይመስላል ፊቷ። ሊፈረድባት አይገባም። ልብስ ሰፊዋም ስታመነዥገው የሰነበተችው ይህንኑ ነው።

አጎትየው ቆርቆሮውን ከእጇ ተቀብሎ ለቀለም ቀቢው ሰጠው።

«መጀመሪያ ጥላሸቱ ይታጠባል» አለ ቀለም ቀቢው። «ከዚያ ሁለት እጅ ይቀባል። ምድጃውን ግን ላውጣው።»

ልብስ ሰፊዋ ተከትላው ገባች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እግሯ ኩሽናውን አልረገጠም ነበር። የተቃጠለ ዘይት ሽታ አሁንም አለ። ጣሪያው ከሰል መስሏል። ወለሉ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጥላሸቱ ያላረፈበት የሰው ቁመት የሚያህል ንጹሕ ቦታ ቀርቷል። ሰውዬው መሰላሉን እዚያ ሊያቆም ሲል ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ አሳየችው።

ምድጃውን ሊያነሳ ሲጎነበስ፣ «ቆይ» አለችው። ተጠግታ የጋዙን ቁልፎች አንድ በአንድ በጣቷ እየተጫነች፣ መዘጋታቸውን አየች።

«እትዬ፣ ሲሊንደሩ እኮ ተነቅሏል» አላት ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለችና የመጨረሻውን ደግማ ተጫነችው።