ኮምፒዩተር የሆንኩበት ዓርብ

በሕይወቴ ኮምፒዩተር የሆንኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ አርብ ገበያ በምትባለው የጋይንት ከተማችን፣ በገበያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት የወረዳው ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ዛሬ ስለ ኮምፒዩተር የማያወራ የለም፤ እኔ ግን የማወራው ሆኜ ስላየሁት ነው።

ጓድ ካሴ የሚባል አስተማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ለሴቶች ብቻ የተከፈተ የኮምፒዩተር ትምህርት እንዳለ ነገረን። ስድስት ወር ተምረው ለማሽን ትእዛዝ የሚጽፉ ሠራተኞች ይሆናሉ፤ ከእኛ ወረዳ አንዲት ሴት ትፈለጋለች አለ። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሰው የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንዷ ታደለች ናት፤ የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስትና የአለቃችን የጓድ መንግሥቴ የሚስቱ እኅት። ሁለተኛዋ ጠላ ሻጯ ማንአለሽ ናት።

ማንአለሽ ነፋስ መውጫ ድረስ ሄዳ ተምራ፣ ፈተናው ለጥቂት አምልጧት፣ እናቷ ቤት ጌሾ ስትወቅጥ ስድስት ዓመቷ ነው። ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ አገኘችኝና፣

«አያ አስናቀ፣ ይቺ ካመለጠችኝ ሌላ የለኝም» አለችኝ። «ሰካራም ‹ቅጂ› ሲለኝ ስቀዳ፣ ‹ጨምሪ› ሲለኝ ስጨምር ማርጀቴ ነው እኮ።»

እንባዋ ዐይኗ ላይ ነበር። አንጀቴን በላችው። ግን ምን አባቴ ላድርግላት? በር መክፈትና በር መዝጋት ነው የማውቀው።

ዓርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ገበያተኛው አህያውን ውጭ እያሰረ ኮምፒዩተር ለማየት ገባ። ጓድ ካሴ ግን ይዞት የመጣው አንድ ቦርሳ ብቻ ነው።

«ማሽኑ ቤት ያህላል» አለ። «በእናንተ መንገድ ቢጫን ጋይንት የሚደርሰው ብሎኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ሰው ይተካልናል። የማያስብ ሰው ፈልጉልኝ።»

ጓድ መንግሥቴ ሳያመነታ ወደ እኔ ጠቆመ። ሕዝቡም እውነት ነው እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። እስካሁን ያንን ሳስበው ይቆጨኛል።

ሕጉን ነገረን። እያንዳንዷ ሴት በደንብ የምታውቀውን አንድ ሥራ በተራ ቁጥር ትጽፋለች። እኔ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ያንኑ እሠራለሁ።

«ከወረቀቱ በቀር ማንንም አትስማ፤ እኔንም ቢሆን» አለኝ። «አንዲት ነገር ከራስህ ከጨመርክ ወይም ካቆምክ፣ የጻፈችው ልጅ ወደቀች ማለት ነው።»

ማንአለሽ እጇን አወጣች። «ጓድ፣ አያ አስናቀን እንዴት አድርጌ አንተ ልበላቸው?»

«ማሽን አንቱ አይባልም» አላት። አቀርቅራ መጻፍ ጀመረች።

መጀመሪያ የታደለች ወረቀት መጣ፤ ሥራው ደብዳቤ መጻፍ ነው። «አንድ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ» ብዬ አነበብኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ጓድ መንግሥቴ አለ። ባዶ መሆኑን አረጋግጥ የሚል ደግሞ አላየሁም። ሄጄ ጭኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ተነሥ አንተ!» ብሎ ጮኸ።

«ሁለት፣ ብዕር አንሣ» ብዬ የደረት ኪሱ ውስጥ የነበረውን ብዕር አነሣሁ። ጭኑ ላይ እንደተቀመጥኩ ደብዳቤውን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ተነሣሁ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ካሴ እንባውን እየጠረገ፣ «አለቃው ትንሽ ቢጨፈለቁም ሥራው አልቋል» ብሎ ጥሩ ነጥብ ሰጣት።

ቀጥሎ የማንአለሽ። ገንቦ ሙሉ ጠላ፣ ማንቆርቆሪያና አንድ ጣሳ አቀረበች፤ ሥራው እንግዳ ማስተናገድ ነው። ጓድ ካሴ «እንግዳው እኔ ነኝ» ብሎ እጁን እያፋተገ ከጠረጴዛው ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ምስኪን!

«አንድ፣ ከገንቦው በማንቆርቆሪያ ቅዳ። ሁለት፣ በመዳፍህ ጠብ አድርገህ ቅመስ። ሦስት፣ የእንግዳውን ጣሳ ሙላ። አራት፣ ካልጠጣ ‹በሞቴ› በለው። አምስት፣ ‹በቃኝ› ቢልህ አትስማው፣ አፍሮ ነው። ስድስት፣ ጣሳው ከጎደለ ወደ አንድ ተመለስ።»

እኛ አገር ይህን የሚነቅፍ ሰው የለም። እናቶቻችን ሁሉ የሚያስተናግዱት እንዲሁ ነው። ሕዝቡም «እሰይ፣ የጨዋ ልጅ!» አለ።

ቀዳሁ፣ ቀመስኩ፣ ሞላሁ። ጠጣ። ጣሳው ጎደለ፤ ወደ አንድ ተመለስኩ። በአራተኛው ጣሳ ላይ «በቃኝ» አለ። አልሰማሁትም። «በሞቴ» አልኩት። ይሄ ሰውዬ አዲስ አበባ ይኑር እንጂ የጎረቤታችን የእስቴ ልጅ ነው፤ በሞቴ የተባለ የእስቴ ልጅ ደግሞ እንዴት አድርጎ እምቢ ይላል? እኔን ወረቀቱ ያዘኛል፣ እሱን አስተዳደጉ ያዘዋል። ጠጣ።

በስምንተኛው ላይ ከረባቱን ፈታ። በዐሥረኛው የእስቴን ልቅሶ ቤት ዜማ ማንጎራጎር ጀመረ። እኔም በየዙሩ አንዳንድ እፍኝ ስለምቀምስ ኮምፒዩተሩንም ሞቅ ብሎት ነበር።

ጓድ መንግሥቴ ብድግ አለ። «አስናቀ! አቁም! የመንግሥት ሠራተኛ እያሰከርክ ነው! አሁኑኑ አሳስርሃለሁ!»

ያኔ «አሳስርሃለሁ» ቀልድ አልነበረም። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ማንአለሽን አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ካቆምኩ ወደቀች። ካላቆምኩ ሰውየው መሞቱ ነው። «አንድ፣ ከገንቦው ቅዳ» ብዬ ቀዳሁ።

ድንገት ማንአለሽ ግንባሯን መታች። «ወይኔ! መውጫ አልሰጠሁትም! ጓድ ካሴ፣ ወረቀቱን ማረም እችላለሁ?»

«የ... የራስሽ ነው» አለ ጓድ ካሴ፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

እርሳሷን ይዛ ከአጠገቤ ቆመችና ከስድስተኛው በላይ አንድ መሥመር ጨመረች። እኔም እንደደረስኩበት ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «እንግዳው ጣሳውን በእጁ ከከደነ ግን አቁም።»

ጓድ ካሴ ይህን ሲሰማ በሁለት እጁ ጣሳውን ከደነው፤ በላዩም በደረቱ ተደገፈበት። ቆምኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

«ራሷ አበላሸች፣ ራሷ አገኘች፣ ማሽኑን ሳትሰድብ አረመች!» አለ ጓድ ካሴ ጣቱን እየቀሰረ። «ሠራተኛ ማለት ይቺ ናት! አልፋለች!» ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አንኮራፋ። ጓድ መንግሥቴ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ አላማረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ጓድ ካሴ ራሱን በፎጣ አስሮ ቅጹን ዘረጋ።

«ከዘጠነኛው ጣሳ ወዲያ ያለውን አላስታውስም» አለ። «ያለፈችው የትኛዋ ነበረች?»

«ታደለች ናት» አለ ጓድ መንግሥቴ፣ ዐይኑን ሳያሽ።

እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ማንአለሽ ውጭ፣ ግቢው ውስጥ፣ ጥቅሏን አቅፋ መኪናውን ታያለች፤ ምንም አልሰማችም። የጓድ ካሴ ብዕር ቅጹ ላይ ሲያርፍ አየሁ። እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዝም በል ሲሉኝ ዝም፣ ክፈት ሲሉኝ ከፈት የማደርግ ሰው ነኝ። አፌ ግን በራሱ ተከፈተ።

«ጓድ መንግሥቴ ዋሽተዋል! ያለፈችው ማንአለሽ ናት!»

ጓድ መንግሥቴ ዞሮ አየኝ። እንዲያ ዓይነት አስተያየት በጠላቴም አይድረስ። እኔ ግን ከኮቴ ኪስ የትናንቱን የማንአለሽን ወረቀት አውጥቼ ለጓድ ካሴ ሰጠሁት። በእርሳስ የተጨመረውን መሥመር ደጋግሞ አነበበው።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እሷ ናት። እርስዎ እየጠጡ፣ እኔ እየቀዳሁ።»

ሆዱን ያዘ። ትዝ አለው መሰለኝ። ከዚያ የማንአለሽን ስም ጽፎ ፈረመና ወጥቶ ራሱ ጠራት። እሷ ጭነቱ ላይ ስትወጣ ትስቅ ነበር፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ እንደ ሕፃን።

ሰኞ ጠዋት የስንብት ደብዳቤዬን ታደለች በታይፕ መትታ ሰጠችኝ። ዘበኛ አስናቀ ሳይታዘዝ በመናገሩ ከሥራው ተሰናብቷል ይላል። በሩ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ደስ አለኝ።