እግሩን ያላወጣበት ኩርባ

«ዓይን የለህም እንዴ አንተ ሰው!»

ፍሬቻ ፍሬን የያዘው ጩኸቱን ሰምቶ እንጂ ሴትዮዋን አይቶ አይደለም። የፊት ጎማው የገበያ ቦርሳዋን ገፍቶ ቆመ፤ ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሴትዮዋ ከቀኝ በኩል፣ የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ነበረች፤ ያውም ከላይ እስከ ታች ቀይ ካፖርት ለብሳ። እሱ ግን እስክትጮህ ድረስ እዚያ ቦታ ሰው መኖሩን አላወቀም።

ሞተሩን አቁሞ ወረደና ቲማቲሙን ይለቅም ጀመር። በሰው አገር ቋንቋ የሚያውቀውን ይቅርታ ሁሉ ደረደረ። ሴትዮዋ ያልፈረጠውን ከእጁ ነጥቃ እየተራገመች ሄደች። ብትራገም እውነቷን ነው። ሞተሩ ላይ ተመልሶ ወጣ፤ የቀረውን መንገድ አንገቱን በየአፍታው ወደ ቀኝ እያዞረ በኤሊ ጉዞ ጓደኛው የተኛበት ሆስፒታል ደረሰ።

«ፍሬቻ» ብለው ስም ያወጡለት የአገሩ ልጆች ናቸው። ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ከአገር ወጥተው እዚህ ያረጁ፣ ሁሉም የሞተር ፍቅር ያሳበዳቸው። እሁድ እሁድ ጠዋት አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ ይገናኛሉ። ሳምንቱን ሙሉ አፋቸው ውስጥ ታፍኖ የከረመውን ቋንቋቸውን እስኪወጣላቸው ይንጫጩበትና ከከተማ ይወጣሉ። ፊት የሚነዳው ሁልጊዜ እሱ ነው፤ ምልክት መስጠት አይረሳማ! አነዳዳቸውም ደንብ አለው። ፊተኛው የመንገዱን ግራ ይይዛል፣ ሁለተኛው ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ቀኙን፣ ሦስተኛው ደግሞ ግራውን። በቀኝ በኩል ጉድጓድ ወይም የፈሰሰ ዘይት ካለ ፊተኛው ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ በግራ ከሆነ ግራውን። ከኋላው ያለው አይቶ የራሱን ይዘረጋል፤ እንዲህ እያለ ምልክቱ እስከ ጭራው ይደርሳል። እግር ካልወጣ መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ወድቆባቸው አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው ቦታ የዳቦ ጋጋሪው ነው፤ የልብ ጓደኛው። ቦርጫም፣ ተጫዋች ሰው ነው። «እኔ እኮ መንገድ አላይም፤ የማየው ያንተን ጫማ ነው» ይለዋል። «ሶልህ ሲያልቅ እንኳ ካንተ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ።»

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ወደ ቀኝ የምትጠመዘዝ አንዲት ኩርባ ላይ ጠጠር ተደፍቶ ነበር፤ በቀኙ ጠርዝ። ፍሬቻ እግሩን አላወጣም። የሰማው ከኋላው ብረት ከአስፋልት ሲፋጭ ነው። ዞሮ ሲያይ የዳቦ ጋጋሪው ሞተር ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተላትሟል፤ እግሩ በሁለቱ መካከል ተቀርቅሯል።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ «ምልክት ሰጥተኸው ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«አዎ፣ እንደ ሁልጊዜው» አለ ፍሬቻ።

አፉ ቀደመው። ፖሊሱ ጻፈ፣ እሱም ፈረመ። ሌሎቹን ኩርባው ከልሏቸው ምንም አላዩም። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ነቅቶ ሲጠየቅ «ፍሬቻ ሳያወጣ ይቀራል? እኔ ነኝ የተዘናጋሁት» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ለፍሬቻ ግን አልተዘጋለትም፤ ለምን እንዳላየው ያውቃላ።

ከክረምት ጀምሮ የቀኝ ዓይኑ ዳር ዳሩ ጨልሟል። የማንበቢያ መነጽር ሊገዛ የሄደ ዕለት የመረመረችው ልጅ ፊቷ ተለወጠ። «የዓይን ግፊት ይመስላል፤ ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ይይህ። እስከዚያ አትንዳ» ብላ ደብዳቤ ጻፈችለት። ደብዳቤውን የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ሚስቱ «ታየህ ወይ?» ስትለው «ታየሁ፣ ምንም የለብህም አሉኝ» አላት። አትፍረዱበት አልልም፤ ፍረዱበት። ግን መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት።

ሞተር ያስለመደው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ቅዳሜ ከሰዓት ከከተማው ዳር አውጥቶ ያለማምደዋል። መጀመሪያ ቀን ክላቹን ባንዴ ለቆት አጥር ውስጥ ይዞት ገባ፤ ወንድሙ በሳቅ ፈረሰ። በኋላ ግን አንድ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። «ስማ፣ ሰው ከጫንክ ለሁለት ሰው ነው የምታየው» ይለዋል፣ ጆሮውን ይዞ።

ሰው አገር ሲመጣ ቋንቋ የለው፣ ዘመድ የለው፤ ያለችው ያቺው ችሎታ ናት። ከሆስፒታል ሆስፒታል የደም ናሙና በሞተር ማድረስ ጀመረ፤ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመቱ። ብርዱ ደረቱን እንዳይበሳው ጃኬቱ ውስጥ ጋዜጣ እየደረበ፣ ዝናቡ ጓንቱ ውስጥ ኩሬ እየሠራ፣ ከተማዋን ቅያስ በቅያስ አወቃት። በእግሩ ሲሄድ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው የሌለ፣ ሱቅ ሲገባ ጠባቂ የሚከተለው መጻተኛ ነው። ሄልሜቱን ሲያጠልቅ ግን ማንም «ከየት መጣህ?» አይለውም። ሚስቱንም ያገኛት ከኋላው ጭኗት ሲያመላልስ ነው። «ወገብህን ማቀፍ ለምዶብኝ እንጂ መልክህስ» ትለዋለች እስከ ዛሬ። ሞተሩን ሲወስዱበት ምን ይተርፈዋል? እሱን ማሰብ ፈርቶ ነው ደብዳቤውን የደበቀው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት ሳምንት መርፌ አልያዘችም።

«መጣህ ወንድሜ? ነገ ይቆርጡታል» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው።

«ምኑን?»

«እግሩን ነዋ! ከጉልበቱ በታች። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ላይ እየወጣ ነው አሉ። ካልተቆረጠ ሰውየው ይሄዳል አሉ።»

ፍሬቻ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ተው አላልኩትም? በዚህ ዕድሜ ሞተር ምን ያደርግልሃል አላልኩም?» ቀጠለች። «ትናንት ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣና ሰደብኩት። ቤታችንን በገዛ እጅህ አፈረስከው አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እናቱ ስትሞት እንኳ አላለቀሰም።»

«ተይ እህቴ፣ አትስደቢው።»

«እንዴት አልሰድበው! አንተ እግርህን ዘርግተህ እያሳየኸው፣ እሱ አፉን ከፍቶ ሰማይ ያያል! አንተን ባየሁ ቁጥር የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ምን ጎደለበት? እንዳንተ ዓይነት ሰው ፊቱ እያለለት!»

ፍሬቻ ሄልሜቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና ወደ ክፍሉ ገባ።

ዳቦ ጋጋሪው ከስቷል። ቦርጩ ወዴት እንደሄደ እንጃ። እግሩ አንሶላው ሥር በብረት ተወጥሮ ተሰቅሏል፤ ክፍሉ መድኃኒትና መግል መግል ይሸታል።

«ና እስቲ ጌታዬ» አለ፣ እንደ ድሮው ለመጫወት እየሞከረ። «ነገረችህ አይደል? ከእንግዲህ ጫማ ስገዛ ግራውን ለኔ፣ ቀኙን ላንተ ነው። የሚያልቅብህ እሱ ነው መቼም።»

ፍሬቻ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ስማኝ» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በኔ ምክንያት እሁድን እንዳትተዉ። የሚስቴ ወንድም እኔ ቦታ ይግባ። ገና ዓመት አልሞላውም ሞተር ከያዘ፤ ሁለት ሕፃናት አሉት፣ አደራህን። መክሬዋለሁ። ምንም ነገር አትይ፣ የሱን እግር ብቻ እይ፤ እኔ ሳላይ ቀርቼ ይኸው ጉድ ሆንኩ ብዬዋለሁ።»

«እግሬን አላወጣሁም።»

«ምን አልክ?»

«ያን ዕለት እግሬን አላወጣሁም። ጠጠሩን አላየሁትም። አንተ አልተዘናጋህም።»

ዳቦ ጋጋሪው ፈገግ አለ። «ተው እንጂ። እኔን ለማጽናናት ብለህ ራስህ ላይ አትዋሽ።»

«በቀኝ ዓይኔ ዳሩን አላይም። ሐኪም ጋ ሂድ፣ አትንዳ ተብያለሁ። አልሄድኩም። ለማንም አልተናገርኩም።»

ፈገግታው ከፊቱ እስኪጠፋ ጊዜ ወሰደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምት።»

ዳቦ ጋጋሪው ጣቶቹን ደረቱ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ አጠፋቸው። ጨርሶ እንደገና ጀመረ። «አሥራ አራት እሁድ ከኋላህ ነበርኩ» አለ። «አንዱን እሁድ ልጄን ጭኜ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ! ልጄን ወገቤን ሳሳቅፋት እያየህ፣ እያወቅህ ፊት ፊቴ ነዳህ?»

ፍሬቻ አንገቱን ደፋ። በሩ ውጭ የምግብ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ። ለመሞት ቢጠየቅ እዚያው እሺ ይል ነበር።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ስሠራ እንደሰነበትኩ ታውቃለህ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «እዚህ ተጋድሜ ያቺን ኩርባ ስነዳት። ሺ ጊዜ። እግርህን ለማየት። የት ላይ እንዳወጣኸው፣ እኔ ያኔ ወዴት እያየሁ እንደነበር። ትናንት በመጨረሻ አየሁት። ማርያምን! ሲዘረጋ አየሁት። የሌለውን እግር!»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታህን እዚያው ያዘው። አሁን እኔና አንተ እዚህ ብንባባል ምን ይረባኛል? ወረቀቱ ላይ ዝንጉ ተብዬ የተጻፍኩት እኔ ነኝ። ሚስቴ ማየት ያስጠላት እኔን ነው። ነገ እግሬን ሲቆርጡት፣ የገዛ ጥፋቱ ነው እያለች ነው የምትጠብቀኝ።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ውጣልኝ።»

ፍሬቻ ወጣ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እዚያው አግዳሚው ላይ ናት፤ መሐረቧን እያጠፈች ትፈታለች። ወደ መውጫው ደረጃ ሦስት እርምጃ አይሞላም። ለሱ ነግሬዋለሁ አይደል፣ አለ በሆዱ፤ የነገሩ ዋና ባለጉዳይ ሰምቷል። ለሷ ነገ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ ስትረጋጋ። ከዚህች «ነገ» ጋር ከክረምት ጀምሮ ትውውቅ አላቸው። እግሩ ወደ ደረጃው ሁለት እርምጃ ተራምዶ ነበር።

«ምን አለህ? አለቀሰ እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

ፍሬቻ ዞረ። «የሱ ጥፋት አይደለም» አለ። «ቁጭ በይና ልንገርሽ» ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ግን ቁጭ ብላለች፤ የቆመው እሱ ነው። እዚያው እንደቆመ ነገራት፤ ዓይኑን፣ ደብዳቤውን፣ ጠጠሩን። ለሚስቱ የዋሸውንም ጨመረ፣ ማን እንደጠየቀው እንጃ።

ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። በጥፊ ብትለውም ደስ ባለው። እሷ ግን መሐረቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስታስተካክል ቆየች።

«ለፖሊሱ ምን አልከው?»

«ምልክት ሰጥቻለሁ አልኩት።»

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«እኔ ደግሞ ባሌን ሰደብኩት» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «በዚያ ላይ፣ እሱ አሳይቶህ አንተ ነህ ያላየኸው ብዬ ባንተ ማልኩበት። ባንተ!» ተነሣች። ከሱ በአንድ ክንድ ታጥራለች፤ ግን ቁልቁል የታየው እሱ ነበር። «ሂድ። የፈረምከውን አስለውጥ። አሁን።»

«እሄዳለሁ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?»

ፍሬቻ ደረጃውን አየ፤ ከዚያም እሷን። «ብቻዬን ከወጣሁ መንገድ ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ» አለ። «ራሴን አውቀዋለሁ። አብረሽኝ ነይ።»

ሴትዮዋ ፊቱን ለረጅም ጊዜ መረመረችው፤ ይኼኛውም ውሸት እንዳይሆን።

«መጀመሪያ ባሌ ጋ እገባለሁ» አለችው። «ከዚህች ንቅንቅ እንዳትል።»

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም፤ ቀጥሎ የሷ ልቅሶ፣ ከዚያ የሁለቱም። ፍሬቻ የጃኬቱን ዚፕ ከፍቶ ጃኬቱን አወለቀና ሊጠብቃት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።