ደርሶ መልስ

ኢንጂነሩ ጨረቃ ላይ ባረፈበት ቀን የሕንፃው ሊፍት ከቆመ ስምንት ወር ሊሞላው ነበር።

«አረፍኩ! እማማ፣ አረፍኩ እኮ!» ብሎ ከወንበሩ ተስፈነጠረ። ኮምፒውተሩ ላይ በከፈተው የሮኬት ጨዋታ ውስጥ አራት ቀጫጭን እግሮች ያሏት ቆርቆሮ መሳይ ነገር ግራጫ አቧራ ላይ ቆማለች። ነጭ ቆብ የደፋ ትንሽ ሰውዬ ከውስጧ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል።

አማቱ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ አዩት። አዩት ከማለት ገላመጡት ማለቱ ይቀላል። እኚህ ሴትዮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ጣቢያ መስኮት ኋላ ተቀምጠው «መሄጃ ብቻ ነው ደርሶ መልስ?» ሲሉ ስለኖሩ የሕንፃው ሰው ሁሉ እማማ ቲኬት ይላቸዋል። ከዚያ መስኮት ሲወጡ ጉልበታቸውን እዚያው ትተው ምላሳቸውን ብቻ ይዘው ነው የመጡት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። «የማታውቀውን ሰው ጨረቃ ላይ ታወርዳለህ፤ የሚስትህን እናት ግን ከአምስተኛ ፎቅ መሬት ማውረድ አቃተህ።»

ኢንጂነሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለምዶታል።

ነገሩ ባያስቅ ኖሮ ያስለቅስ ነበር። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱው ራሱ ነው። የመረጡት ኢንጂነር ስለሆነ ሊፍት ይገባዋል ብለው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ግን ሌላ ሰው የነደፈውን የቤት ፕላን አገላብጦ አይቶ «ተስተካክሎ ይቅረብ» ብሎ መጻፍ ነው። በገዛ እጁ ያቆመው ነገር ይምጣ ቢባል የሳሎኑ መጋረጃ ዘንግ አለ፤ እሱም ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ሊፍቱ በር ላይ «መለዋወጫው ታዟል፤ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፏል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ወረቀቱ ነጭ ነበር፣ ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ፤ ጉዳዩ ግን ዛሬም በሂደት ላይ ነው።

የእማማ ቲኬት ጉልበት ሜዳ ላይ እሺ ይላል፣ ደረጃ ሲያይ ግን ያምፃል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ፣ ፊት ለፊት፣ በሯ በቀጥታ አስፋልቱ ላይ በሚከፈት አንዲት ክፍል ውስጥ ታላቅ እህታቸው ይኖራሉ። እሳቸውም ልባቸው ደካማ ስለሆነ ሐኪም ደረጃ ከልክሏቸዋል። አንዷ መውረድ አይችሉም፣ አንዷ መውጣት አይችሉም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ታላቅየዋ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፣ ታናሽየዋ መስኮቱ ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያ መንገድ ለመንገድ እየተያዩ በስልክ ያወራሉ።

«እትዬ፣ ያ ቀሚስሽ አጥሯል።»

«አንቺ እዚያ ላይ ሆነሽ የማያጥርሽ ምን አለ?»

ሊፍቱ ከቆመ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እጅ ለእጅ አልተነካኩም። እማማ ቲኬት ይህን ለኢንጂነሩ በቀጥታ ተናግረው አያውቁም። የሚናገሩት በአሽሙር ነው፤ አሽሙሩ ደግሞ ሁልጊዜ ሮኬቱ ላይ ያርፋል።

«ለመሆኑ» አሉ ያን ዕለት፣ ትንሹ ሰውዬ እጁን ማውለብለብ አላቆም ሲል፣ «ይሄ ምስኪን በምን ሊመለስ ነው?»

ኢንጂነሩ ነዳጁን አየ። ፈገግታው እንዳለ ፊቱ ላይ ደረቀ። እንደገና አየ።

«አልቋል» አለ።

«መሄጃ ብቻ ቆርጠህ ነው የላክኸው?» እማማ ቲኬት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ታዲያ ያቺን ቁልፍህን አትጫንም?»

ቁልፏን ያውቋታል። ሮኬቱ በፈነዳ ቁጥር፣ የሚፈነዳው ደግሞ እንደ ጉድ ነው፣ ኢንጂነሩ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፤ እሳቱም ጭሱም ይጠፋና ሮኬቱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መሬት ላይ ተገትሮ ይገኛል።

«ቁልፏን ብጫን ማረፌም አብሮ ይጠፋል» አለ። «ደግሞ እዚያ ጥዬው አልሄድም። ሰው እኮ ነው እማማ።»

«ሥዕል ነው!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን ቤቱ የሰውዬው ነገር ብቻ ሆነ። ኢንጂነሩ ከሥራ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰየማል። ታንክ በታንክ ላይ ይደራርባል፣ ሞተር ይቀጥላል፣ ክንፍ ይለጥፋል፣ ያፈነዳል፣ ራሱን ይዞ ያስባል። እንዲህ ያለ ሐሳብ በፊቱ ላይ በኮሚቴ ስብሰባ ታይቶ አያውቅም። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ደክሟት ስትመጣ በእናቷና በባሏ መካከል መግባቱን ትታዋለች።

አንድ እሑድ እማማ ቲኬት አላስችላቸው አለ። «ምኑ ነው እንዲህ ያሳበደህ? እስቲ ንገረኝ።»

ዞር ሳይል መለሰላቸው። «እዚህ ኮሚቴ የለም እማማ። ታንክ ስፈልግ ታንክ አለ፤ ታዟል የሚለኝ የለም። ቢፈነዳ ጥፋቱ የኔ ነው። ቢበርም ያበረርኩት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ሰውዬውን ሊያመጣ የተሠራው ሮኬት ተነሣ። መጀመሪያ ሊወድቅ መስሎ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ሽቅብ ያዘ። ባዶ የሆነውን የታች ታንክ እየጣለ፣ እየቀለለ ሄደ። በመጨረሻ ሞተሩ ጠፋ፤ ጩኸቱ ሁሉ እልም አለ፤ ምድር ከሥር ሰማያዊ ሆና፣ ጠርዟ ጎበጥ ብሎ ታየች። እማማ ቲኬት ሳይታወቃቸው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግተው ነበር። ጉልበት የማይጠይቅ መውጣት እንዴት ደስ ይላል! ይህን ግን ቢገርፏቸውም አይናገሩም።

«ሻይህ ቀዝቅዟል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሰውዬው ዳነ። ኢንጂነሩ ከደስታው ብዛት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እማማ ቲኬትም ይህን ለልጃቸው፣ ለእህታቸውና ጋዝ ለሚያመጣው ሰው ሁሉ በየተራ እየተረኩ ሳቁበት።

ሳቁ የቆየው ማክሰኞ ጠዋት ድረስ ነው። ያን ጠዋት ታላቅ እህታቸው ወንበር አላወጡም። በራቸው ላይ ቆመው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዙ።

«ልጄ ሊወስደኝ ነው» አሉ። «እሱ ያለበት ከተማ። ብቻሽን አትኖሪም አለኝ። ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል።»

እማማ ቲኬት መስኮቱን ይዘው ቆሙ። «ጥሩ ነው እትዬ» አሉ።

ኢንጂነሩ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቁት።

«ቅዳሜ መሬት ላይ መሆን አለብኝ።»

«እማማ፣ ሊፍቱ እኮ በሂደት...»

«ሊፍቱን ማን ጠየቀህ? ሮኬትህን ነው የጠየቅኩህ። ሥዕል ካዳንክ እኔን አውርደኝ!» ድምፃቸው ተሰበረ። ኢንጂነሩ አማቱን እንዲህ ሆነው አይቷቸው አያውቅም።

ዓይኑ በራ። እርሳስ አነሣ፣ ወረቀት ላይ ደረጃውን ሣለ። «አምስት ፎቅ የሚሸከምዎት ሰው የለም» አለ። «አንድ ፎቅ ግን ማንም ይችላል። እንደ ታንኮቹ ነው፤ የጨረሰው ይለቃል፣ ያልደከመው ይረከባል።» ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ እማማ፣ ክብደትዎ ስንት ይሆናል?»

ልጃቸው ሳቋን አፍና ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

«ለሚሸከመው ሰው ይበቃል» አሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ባለ መደገፊያ ወንበር ሥር ሁለት ቧንቧ ታስሮ ቀረበ። እማማ ቲኬት ቦርሳቸውን እቅፋቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ሙሽራ ሳይሆን እንደ ተከራካሪ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ፎቅ ኢንጂነሩና ጎረቤቱ የጥርስ ሐኪም ይዘዋቸው ወረዱ። አራተኛው ላይ እዚያው የሚኖሩት ሥጋ ሻጭና ወንድሙ ተረከቡ፤ የጥርስ ሐኪሙ እጁን አራግፎ ረፍዶብኛል ብሎ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ሁለት ተማሪዎች ተቀበሏቸው፤ ሥጋ ሻጩ ሱቁን ሊከፍት፣ ወንድሙ ገበያ ሊወጣ ከነፉ። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ እሳቸውም «ቀስ! ዕቃ መሰልኳችሁ?» እያሉ፣ መሬት ደረሱ። ኢንጂነሩ ከኋላ ወረቀቱን ይዞ እየተከተለ «ተላቀቀ! ተረከበ!» ይላል። ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት ብታዩ ሊፍት የፈለሰፈ ነው የሚመስላችሁ።

እማማ ቲኬት መንገዱን በገዛ እግራቸው ተሻገሩ። ለዚህች ደቂቃ አንድ ቀልድ አዘጋጅተው ነበር፤ አልወጣ አለ። ታላቅ እህታቸውን አቀፏቸው። ከላይ ሲታይ ሙሉ የነበረው ትከሻ እጃቸው ውስጥ አጥንት ብቻ ሆነባቸው።

«እንዲህ ከስተሽ ነው በስልክ ደህና ነኝ የምትይኝ?»

«ከላይ አይታይም ብዬ ነዋ» አሉ ታላቅየዋ።

ባዶ በሆነችው ክፍል ውስጥ፣ ለአዲሱ ተከራይ በተተወች ፍራሽ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። ብዙም አላወሩም፤ በስልክ የማይደረገው ነገር ወሬ አይደለም። መኪናው መጣ። እማማ ቲኬት እህታቸውን ደግፈው ካስገቡ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«መሄጃ ብቻ ነው ደርሶ መልስ?»

«በዚህ ዕድሜ ደርሶ መልስ ማን ይሸጥልኛል?» አሉና እህታቸው ጉንጫቸውን ዳሰሷቸው። መኪናው ሄደ።

ሕንፃው በር ላይ ሲመለሱ ኢንጂነሩ ወገቡን ይዞ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ወንበሩ አጠገቡ አለ። ሌላ ማንም የለም።

«ተሸካሚዎቹስ?»

«ሄዱ። እየጨረሱ... ይለቃሉ ብዬ...»

«መውጫዬስ?»

ኢንጂነሩ ወረቀቱን አየ። ፊትና ኋላውን አገላበጠው። ያን የጨረቃ ዕለት የነበረው ፊት ተመልሶ መጣ። «አላሰብኩትም» አለ።

እማማ ቲኬት መሳቅ ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ሁሉ መመለሻ ሲጠይቁ ኖረው የራሳቸውን ሳይጠይቁ ወርደው ነበር። ሳቁ መሀል ላይ ተለወጠባቸው፤ ኢንጂነሩ ሲያለቅሱ አይቶ ደነገጠ።

«ነገ ሰዎቹን አሰባስቤ...»

«ሽቅብ ማንም አይሸከመኝም» አሉ እንባቸውን ጠርገው። ወንበሩን ጎትተው ሊፍቱ በር ፊት፣ ከቢጫው ወረቀት ሥር ተቀመጡ። «እዚህ ነኝ። ማታ ማታ እትዬ ክፍል አድራለሁ፣ አከራዩ እስኪረከበኝ ቁልፉን ለእኔ ትታልኛለች። ቀን ቀን እዚህ ነኝ። ያንን ቆብ የደፋ ሰውዬ ጥዬው አልሄድም አላልክም? እስቲ አሁን እራትህ እንዴት እንደሚዋጥልህ አያለሁ።»

አልተዋጠለትም። ሁለት ቀን ሙሉ የወጣ የወረደው ነዋሪ ሁሉ እማማ ቲኬትን ሰላም ሳይል፣ ስለ ሰብሳቢውም አንድ ነገር ሳይሰማ አላለፈም። በሦስተኛው ቀን ኢንጂነሩ ደብዳቤ መጻፉን ትቶ ሊፍት ወደሚያስገባው ድርጅት በእግሩ ሄደ። እስከ ዛሬ ሄዶ አያውቅም ነበር፤ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጽፋል። በማግሥቱ ረፋዱ ላይ አንድ ቴክኒሻን አስከትሎ መጣ። ቴክኒሻኑ የሣጥን ያህል ዕቃ ይዞ ገባ፣ ከምሳ በፊትም ጨረሰ። መብራቱ በራ። በሩ ተከፈተ።

«ይግቡ እማማ!» አለ ኢንጂነሩ። ደረቱ ተነፍቷል። ወረቀቱን ቦጭቆ በጭብጡ አጨማደደው።

ቴክኒሻኑም ለሙከራ አብሯቸው ገባ፤ ቁጥር አምስትን ተጫነ። ሊፍቱ ያለ አንዳች ጩኸት ሽቅብ ተንሳፈፈ።

«ቀላል ሥራ ነበር» አለ ቴክኒሻኑ መሣሪያውን እየሰበሰበ። «ግን እናንተም ጉደኞች ናችሁ። ዕቃው መጋዘን ከገባ አምስት ወሩ ነው። መጥቶ የጠየቀ እንኳ የለም።»

ሁለተኛ ፎቅ አለፈ፣ ሦስተኛ አለፈ። የኢንጂነሩ ደረት ቀስ እያለ ተነፈሰ።

አምስተኛ ላይ በሩ ተከፈተ። እማማ ቲኬት ገብተው በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከመንገዱ ማዶ የእህታቸው በር ተዘግቷል። ወንበሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የሆነ ሰው ሞተር ሳይክሉን አቁሞበታል።

«እማማ» አለ ኢንጂነሩ ከኋላቸው። «ከእንግዲህ እንኳ... በፈለጉት ሰዓት መውረድ ይችላሉ።»

እማማ ቲኬት ዞረው አላዩትም።

«ያቺን ወደ ኋላ የምትመልሰውን ቁልፍህን እስቲ ተጫንልኝ» አሉት። «ሩቅ አይደለም። አምስት ወር ብቻ።»