እናቴና ምርቃቴ ጎን ለጎን

ትክክለኛውን ዓመት ለአባቴ ልንገራቸው ወይስ ልተወው?

ነገሩ የመጣው ከሁለት ፕሮግራም ነው። አባቴ አቶ አስናቀ ከፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቤቱን አሮጌ ፎቶ በስካነር እያስገቡ፣ በየፎቶው ሥር ቀኑንና የሰዎቹን ስም ይጽፋሉ። ፕሮግራማቸው ያረጀ ነው፤ የጻፉለትን ከማሳየት ያለፈ ሥራ የለውም። እኔ ከሆላንድ ስመለስ ፎቶን በቀን ተራ የሚደረድር ሌላ ፕሮግራም ይዤ መጣሁ። የሳቸውን አልነካሁም። ሁለቱም ከአንድ ፎልደር እንዲያነቡ አድርጌ የራሴን የውጭ አገር ፎቶዎች እዚያው ጨመርሁ።

በማግስቱ ላፕቶፔ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ና እስቲ፣ ይቺ እናትህ አይደለችም?»

ናት። ጣና ዳር ነጠላዋን አጣፍታ ጀልባ ትጠብቃለች። ከጎኗ ባለው ፎቶ እኔ የምርቃት ልብስ ለብሼ እስቃለሁ።

«የሰኔ ሚካኤል ለት ነው» አሉ። «ስለት ልሳል ብላ ወደ ደሴቱ ገዳም ሄደች። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት አልነገረችኝም። በዓመቱ ስታርፍብኝ፣ ሕመሟን ደብቃኝ ኖሯል፣ እንዴት ሳላይ ቀረሁ እያልሁ ስንት ጊዜ ራሴን በላሁ። ለካ ለአንተ ምርቃት ነው የተሳለችው። ይኸው፣ አንድ ሳምንት ውስጥ ነው ይላል።»

«ፕሮግራሙ ነው ያለው?»

«እና ማን ይበል? አንተ እንደሆንህ ሁሉን በፈረንጅ ቀን ነው የምትነግረን። የውጭ አገር ዓመትህ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።» ፈገግ አሉ። «ወደ አንተ እንዳትመጣ ቪዛ ቢከለክሏት በዚህ በኩል መጣችልህ።»

ስህተቱ ወዲያው ገባኝ። አባቴ ሰኔን ዐሥረኛ ወር፣ ዓመቱንም በእኛው 2008 ብለው ጽፈዋል። የእኔ ፕሮግራም እንደ ፈረንጅ ቀን ቆጥሮ እኔ ከተመረቅሁበት ከፈረንጆቹ 2008 ዐሥረኛ ወር ጋር አስቀመጣት። በእውነቱ እሷ ጀልባ ስትጠብቅ እኔ ከተመረቅሁ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። ያን ቀን የተሳለችው ለእኔ ዲግሪ አልነበረም።

ማረሙ ቀላል ነው። በተማርሁበት አገር ስህተት ከታየ ይታረማል፣ ማንም አይጨነቅም። ዝም ማለቴ ፍቅር ይሁን ፍርሃት ግን አላውቅም። አባቴ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ስክሪኑን ያያሉ። ፊታቸው እንዲህ ተፈትቶ ካየሁት ቆይቷል።

«ታዲያ የትኛውን ፕሮግራም እናስቀር፣ ያንተን ነው የእኔን?»

«ሁለቱም ይኑሩ፣ አባዬ።»

ሲወጡ በእኔ ፕሮግራም ውስጥ የሳቸውን ፎቶዎች ቀን ሁሉ ወደ ፈረንጅ መለስሁ። አንዷን ብቻ ተውኋት።

የጀልባዋን ፎቶ ያነሣችው ሐዋሳ ያለችው እኅቴ መሲ ናት፤ ዓመቱን አትረሳም። ጻፍሁላት፦

«መሲዬ፣ አባዬ ስለ ጀልባዋ ፎቶ ከደወሉልሽ መቼ እንዳነሣሻት አትንገሪያቸው። እባክሽ።»

መልእክቱን አይታዋለች። እስከ ዛሬ ግን አልመለሰችልኝም።